ከመም ወደ ጎዳና የወጣ ልኬት

ብስክሌት ገና ፔዳል ሳይገጠምለት ነው በርቀትና በሰዓት መነገር የጀመረው። ጀርመናዊው ካርል ድራይስ ጁን 12 ቀን 1817 ከማንሃይም ከተማ ተነሥቶ፣ ሁለት ጎማ ያለውን የእንጨት ሥሪት መሬቱን በእግሩ እየገፋ፣ ወደ ሽቬትዚንገን በሚወስደው መንገድ ላይ እስካለው የፈረስ መለወጫ ጣቢያ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ቀን ጉዞ ተለይተው የቀሩት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ ደርሶ መልሱ ወደ 13 ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር፣ የፈጀውም ጊዜ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነበር። ዛሬ በብስክሌት መሪ ላይ ታስሮ፣ ከሳተላይት ምልክት እየተቀበለ ፍጥነትን፣ ከፍታን፣ የልብ ምትንና የጉልበትን መጠን የሚመዘግበውን ትንሽ ኮምፒውተር የሚነቅፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚነሡት ከአንድ እምነት ነው። ድሮ ብስክሌት መንዳት ከቁጥር የጸዳ ነገር ነበር፣ ቁጥር በኋላ ገብቶ አበላሸው ይላሉ። የታሪኩ ማስረጃ ግን ይህን አይደግፍም፤ ቁጥር ከብስክሌት ጋር አብሮ ተወልዷል። የተለወጠው የልኬቱ ቦታና ባለቤት ነው። ለመቶ ዓመት ያህል እርግጠኛ ልኬት የሚገኘው በታጠረ መም ውስጥ ብቻ ነበር፤ ውጤቱን የሚይዘውም ዳኛው ነበር። ይህ ትንሽ መሣሪያ ያደረገው ያንን የመም ልኬት ወደ ክፍት ጎዳና ማውጣትና በብስክሌተኛው እጅ ማስገባት ነው።

መም ለልኬት የተመቸበት ምክንያት ግልጽ ነው። የዙሩ ርዝመት አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ይለካል፤ በዛሬው ደንብ የሚለካው ከመሙ የውስጥ ጠርዝ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ በተሠመረ መስመር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ለዳኛው የሚቀረው ዙር መቁጠርና ሰዓት መያዝ ብቻ ነው። ዳገትና ቁልቁለት የለም፣ ጭቃ የለም፣ መንገድ አቋርጦ የሚሄድ ከብት የለም። ሜይ 11 ቀን 1893 ፈረንሳዊው ሄንሪ ዴግራንዥ በፓሪሱ ቡፋሎ ቬሎድሮም ለአንድ ሰዓት ነድቶ 35.325 ኪሎ ሜትር ሸፈነ፤ በይፋ የታወቀው የመጀመሪያው የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰንም ይህ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የስዊሱ ኦስካር ኤግ በ1914 ወደ 44.247 አደረሰው፣ ፋውስቶ ኮፒ በ1942 በጦርነት መካከል ሚላኖ ውስጥ አሻሻለው፣ ኤዲ መርክስ በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ 49.431 ነዳ፣ ፊሊፖ ጋና ደግሞ በ2022 ስዊዘርላንድ ግሬንሸን ውስጥ 56.792 ኪሎ ሜትር ደረሰ። እነዚህ ሰዎች የቀረበላቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ በስልሳ ደቂቃ ምን ያህል ትሄዳለህ? በዘመን ተለያይተው ሳለ እንኳ ጎን ለጎን ልናቆማቸው የምንችለው ጥያቄው ስላልተለወጠ ነው። መሙም ቢሆን ከክርክር አላመለጠም። ስኮትላንዳዊው ግሬም ኦብሪ በ1993 ራሱ በፈለሰፈው አቀማመጥ 51.596 ከነዳ በኋላ የብስክሌቱ ቅርጽና የሰውነት አቋም ለዓመታት አጨቃጨቀ፤ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረትም በ2000 ክብረ ወሰኑን ወደ መርክስ ዘመን ብስክሌት መለሰው። ሆኖም የተጨቃጨቁት ስለ ብስክሌቱ እንጂ ስለ ርቀቱና ስለ ሰዓቱ አልነበረም።

ያው ዴግራንዥ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የሎቶ ጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ፣ በ1903 ቱር ደ ፍራንስን ሲጀምር ያገኘው ዓለም ፈጽሞ ሌላ ነበር። ስድስት ደረጃዎች፣ በድምሩ ወደ 2,400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጥርጊያና ኮረኮንች መንገድ፣ ብዙው ደግሞ በሌሊት የሚነዳ። እዚህ ዳኛ ዙር ሊቆጥር አይችልም። የሚችለው በየከተማው ጠረጴዛ አስቀምጦ ተወዳዳሪዎችን ማስፈረምና አንዳንዴም ባልታሰበ ቦታ ተደብቆ መጠበቅ ነበር። በሁለት ፊርማዎች መካከል ስለሆነው ነገር የሚመሰክር አልነበረም። ይህ ክፍተት ምን ያህል ሰፊ እንደነበር በ1904 ታየ፤ ውድድሩ ካለቀ ከወራት በኋላ በተደረገ ምርመራ የመጀመሪያዎቹ አራት ተወዳዳሪዎች፣ ያለፈውን ዓመት አሸናፊ ሞሪስ ጋረንን ጨምሮ፣ ከውጤት ተሰረዙ፤ አምስተኛ የወጣው የ19 ዓመቱ ወጣት ሄንሪ ኮርኔ አሸናፊ ተባለ። ከቀረቡት ክሶች መካከል በባቡር መሄድ ይገኝበታል። በመም ላይ ባቡር መሳፈር አይቻልም። ስለዚህ የጎዳና ብስክሌት ከመነሻው በትረካ የሚኖር ስፖርት ሆነ፤ ጋዜጠኛው ያላየውን የተራራ ላይ ትግል ከሰማው እየቀጠለ ይጽፍ ነበር፣ አንባቢውም ያምነው ነበር። ይህ ትረካ ውብ እንደነበር አልክድም። ግን ውበቱ የተገኘው በከፊል ማንም በእርግጠኝነት ስለማያውቅ ነው።

ተወዳዳሪው ራሱም አያውቅም ነበር። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በትልልቅ ውድድሮች አምልጠው የወጡትና የሚያሳድዷቸው ሰዎች ልዩነታቸውን የሚያውቁት በሞተር ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጽፎ ሲያሳያቸው ነበር። ከዚያ ውጭ ያለው እውቀት በቡድኑ አለቃ መኪና ውስጥ፣ በዳኛው ሰዓትና በጋዜጠኛው ደብተር ይቀር ነበር። ልምምድም እንደዚሁ ነበር። አሠልጣኙ ለአራት ሰዓት ንዳ ሲል የሚቆጣጠረው ሰዓቱን ብቻ ነው፤ በአራቱ ሰዓት ውስጥ ሰውየው ምን ያህል እንደለፋ የሚነግረው የሰውየው ፊት ነበር።

ርቀትን ወደ ብስክሌተኛው እጅ ለማምጣት የመጀመሪያው ሰፊ ሙከራ የተደረገው አሜሪካ ውስጥ፣ በኮኔቲከት ግዛት ሃርትፎርድ ከተማ ነው። ከርቲስ ቪደር በ1895 ማምረት የጀመረው አነስተኛ መቁጠሪያ አሠራሩ ቀላል ነው። ከፊት ጎማው የቸርኬ ሽቦ በአንዱ ላይ የታሰረች ትንሽ ዘንግ ጎማው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር የመቁጠሪያውን ባለኮከብ ጥርስ ትገፋለች፤ በውስጡ ያሉት ጥርሶችም ዙሩን ወደ ማይል ይለውጡታል። መቁጠሪያው ስለ ሰዓትም ስለ ድካምም የሚናገረው አልነበረም። ቢሆንም አንድ ሠራተኛ እሑድ ከከተማ ወጥቶ ሲመለስ ምን ያህል እንደሄደ ያለ ዳኛና ያለ ካርታ ያወቀው በዚህ ነው፣ ለዚህም ከፍተኛ ቦታ ልንሰጠው ይገባል። መቁጠሪያውን የሚገዙት ብዙዎቹ ተወዳዳሪ አልነበሩም፤ ቁጥር የባለሙያ በሽታ ነው የሚለውን ክስ ለመመለስ ይህ ብቻውን ይበቃል።

ከዚያ በኋላ በጎማ ቀበቶና በገመድ የሚሠሩ መቁጠሪያዎች መጡ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ የጃፓኑ ካትአይና የአሜሪካው አቮሴት ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተሮችን በሰፊው አሰራጩ። እዚህ ላይ ሽቦው ላይ የምትታሰረው ማግኔት ናት፤ የፊት ጎማውን በያዘው ሹካ ላይ ያለው ማብሪያ ማግኔቷ ባለፈች ቁጥር ይዘጋል፣ ኮምፒውተሩም በሁለት መዘጋት መካከል ያለውን ጊዜ ቆጥሮ ፍጥነትን ያወጣል። ልኬቱ ትክክል የሚሆነው ግን ባለቤቱ የጎማውን ዙሪያ ትክክል ካስገባ ነው። በተለመደው የመንገድ ብስክሌት ባለ 23 ሚሊ ሜትር ጎማ ዙሪያው 2,096 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 25 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ 2,105 ተደርጎ ይሞላል። አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባ ሰው በ100 ኪሎ ሜትር ላይ ከ400 ሜትር በላይ ይስታል። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ትርጉሙ ትልቅ ነው፤ በመም ላይ የቀያሹ ኃላፊነት የነበረው ሥራ አሁን ወደ ብስክሌተኛው ቤት ወርዷል።

ፍጥነት ግን በጎዳና ላይ ደካማ ምስክር ነው። በመም ላይ 45 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት አንድ ትርጉም አለው፤ በጎዳና ላይ ያው ቁጥር በቁልቁለት ዕረፍት፣ በነፋስ ፊት ደግሞ ሞት ነው። ከአየር ጋር የሚደረገው ትግል በተለይ ጨካኝ ነው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየሩን ለመሰንጠቅ የሚጠይቀው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከመም የወጣ ልኬት ሌላ መያዣ ያስፈልገው ነበር። የመጀመሪያው ከፊንላንድ መጣ። በኦሉ አቅራቢያ ኬምፔሌ በምትባል ቦታ በ1977 የተመሠረተው ፖላር ኩባንያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያለ ገመድ የሚሠራ የልብ ምት መለኪያ ለገበያ አቀረበ፤ ሐሳቡ ለበረዶ ሸርታቴ ሯጮች የተወጠነ ቢሆንም ብስክሌተኞች ፈጥነው ወሰዱት። በደረት ላይ የሚታጠቅ ቀበቶ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ይይዛል፣ በእጅ ወይም በመሪ ላይ ያለው ሰዓት ይቀበላል። ዳገትም ሆነ ነፋስ፣ ልብ ምን እንደተከፈለ ይናገራል። ጉድለቱ መዘግየቱ ነው። ሰው ለ15 ሰከንድ በሙሉ ኃይሉ ሲፈናጠር ልቡ ከኋላ ነው የሚከተለው፤ ሙቀት፣ ቡና፣ እንቅልፍ ማጣትም ቁጥሩን ያዛንፉታል። የልብ ምት ሰውነት ለሥራው የሰጠውን ምላሽ ይለካል፤ ሥራውን ራሱን አይለካም።

ሥራውን ራሱን የለካው ጀርመናዊው መሐንዲስ ኡልሪሽ ሾበረር ነው። በ1986 የጀመረው ኤስ.አር.ኤም. የተባለው መሣሪያ የፔዳሉን ክንድ ከፊተኛው ጥርስ ጋር በሚያገናኘው ብረት ላይ ስሱ መለኪያዎችን ይለጥፋል። ብስክሌተኛው ሲረግጥ ብረቱ በዓይን በማይታይ መጠን ይታጠፋል፣ መታጠፉም የመለኪያዎቹን የኤሌክትሪክ ጠባይ ይለውጣል፤ ከዚያ የረገጣው ብርታትና የፔዳሉ ዙር ፍጥነት ተባዝተው ጉልበቱ በዋት ይወጣል። 250 ዋት በዳገትም በሜዳም፣ በነፋስም ያለ ነፋስም 250 ዋት ነው። በእኔ አመለካከት በጠቅላላው ታሪክ ውስጥ ወሳኙ እርምጃ ይህ ነው፣ ከሳተላይቱም ይበልጣል፤ ምክንያቱም ጎዳና ለመጀመሪያ ጊዜ መም የነበረውን ነገር፣ ከቦታ ቦታ የማይለዋወጥ ሚዛንን፣ ያገኘው በዚህ ነው። ማስረጃውም በልምምድ ሳይንስ ውስጥ ይገኛል። አሜሪካዊው የስፖርት ፊዚዮሎጂ ተመራማሪ አንድሩ ኮጋን ከአሠልጣኝ ሀንተር አለን ጋር በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስፋፉት መሠረታዊ ቁጥር አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ሊጠብቀው የሚችለው ከፍተኛ አማካይ ጉልበት ነው። ብዙዎች የሚገምቱት ለ20 ደቂቃ በሙሉ አቅም ነድተው ከአማካዩ 95 በመቶውን በመውሰድ ነው። አንድ ሰዓት! ዴግራንዥ በቡፋሎ ቬሎድሮም የጠየቀው ጥያቄ ከ113 ዓመት በኋላ የእያንዳንዱ ተራ ብስክሌተኛ የልምምድ መነሻ ሆኖ ተመለሰ።

የቀረው ቦታው ራሱ ነበር። ዋትና የልብ ምት ሰውየው ምን እንዳደረገ ይናገራሉ፤ የት እንዳደረገ ግን አይናገሩም። መልሱ የመጣው ከጦር ሠራዊት ነው። አሜሪካ ጂ.ፒ.ኤስ. የተባለውን የአቅጣጫ መጠቆሚያ ሥርዓት የመጀመሪያ ሳተላይት ያመጠቀችው በ1978 ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1983 መንገዱን የሳተ የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን በሶቪየት ተዋጊ ጄት ተመትቶ 269 ሰዎች ሲያልቁ፣ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ለሲቪሎችም በነጻ እንደሚከፈት አስታወቁ። በምድር ያለው ተቀባይ የሚያደርገው በመሠረቱ ሰዓት ማነጻጸር ነው፤ ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የመጡ ምልክቶች ስንት ጊዜ እንደፈጀባቸው አስልቶ ቦታውን ያወጣል። ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ የአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ስሕተት 300 ሜትር ያህል ያዛንፋል። እስከ 2000 ድረስ ግን ለሲቪሎች የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ነበር፤ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ለመርከብ ይህ ይበቃል። ለብስክሌተኛ ግን 100 ሜትር ማለት ከወንዙ ወዲያ ማዶ ያለው መንገድ ማለት ነው። ሜይ 2000 ላይ በፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ውሳኔ ማዛባቱ ሲቆም ስሕተቱ ወደ 10 ወይም 20 ሜትር ወረደ፤ ያ አንድ ውሳኔ ባይኖር ዛሬ የምንነጋገርበት መሣሪያ አይኖርም ነበር። በካንሳስ ግዛት ኦላቴ የሚገኘው ጋርሚን፣ በ1989 ሲመሠረት በአውሮፕላንና በመርከብ መሣሪያ የጀመረው ኩባንያ፣ በ2003 ለሯጮች የሚሆን የእጅ ተቀባይ አወጣ፤ በ2006 መጀመሪያ ደግሞ ኤጅ 205 እና ኤጅ 305 የተባሉት የብስክሌት ኮምፒውተሮች ለገዢ ደረሱ።

ሳተላይት ስሕተት አያውቅም ብሎ መከራከር አያስፈልግም። በጥቅጥቅ ጫካና በረጃጅም ሕንጻዎች መካከል ምልክቱ እየተንጸባረቀ መንገዱን ያጣምመዋል፤ ከፍታን ደግሞ ከርቀት በባሰ ሁኔታ ይስታል። ለዚህ ነው ደህና የሆኑት ኮምፒውተሮች ከፍታን በአየር ግፊት የሚለኩት፤ የአየር ግፊቱም ዝናብ ሲመጣ ስለሚለዋወጥ የራሱ ስሕተት አለው። የማግኔቱን ቦታ የተካው በጎማው ማዕከል ላይ የሚታሰር ዳሳሽ አሁንም የሚሸጠው ሳተላይቱ ብቻውን ስለማይበቃ ነው። መሣሪያው ዋጋ ያገኘው አንዱ ልኬት በሌላው ላይ እየመሰከረና እያረመው በአንድ መዝገብ ውስጥ ስለሚቀመጡ ነው። የመሙ ዳኛም ቢሆን ብቻውን አልነበረም፤ በአጠገቡ ሌሎች ሰዓት ያዦች ነበሩ።

በ2009 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተጀመረው ስትራቫ የተባለ የኢንተርኔት አገልግሎት ጎዳናው ወደ መም መለወጡን ጨረሰው። ተጠቃሚዎች በየተራራውና በየኮረብታው ላይ መነሻና መድረሻ ያበጃሉ፤ መስመሩ በመሬት ላይ አይታይም፣ ነገር ግን በዚያ ያለፈ ሁሉ መዝገቡን ሲጭን ሰዓቱ ይያዝለታል። ጠዋት ብቻውን ዳገት የወጣ ሰው ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው ከወጣ ከማያውቀው ሰው ጋር ይወዳደራል። ዳኛ የለም፣ ደወል የለም፣ የመግቢያ ክፍያ የለም። ጉዳቱም አብሮ መጥቷል። መም ለውድድር ተብሎ የታጠረ ነው፤ ጎዳና ግን ሕፃናት የሚሻገሩበት ነው፣ በቁልቁለት ሰዓት ለመስበር መሞከርም ለሰውየውም ለሌላውም አደገኛ ነው። ድርጅቱ አደገኛ ክፍሎችን ምልክት የሚያደርጉበት መንገድ ለተጠቃሚዎች የከፈተው ለዚህ ነው። ልኬቱ ወደ ጎዳና ሲወጣ አጥሩ አብሮ አልወጣም፤ ይህ ከሁሉ የከበደው ወቀሳ ነው፣ ሙሉ መልስም አላገኘም።

ሌላው ወቀሳ የድሮዎቹ ታላላቆች ያለ ምንም ኮምፒውተር ታላቅ ሆነዋል የሚል ነው። መርክስን ይጠቅሳሉ። መርክስ ግን በ1972 ወደ ሜክሲኮ ሲቲ የሄደው ከፍታው ከ2,200 ሜትር በላይ በመሆኑ አየሩ ስስ እንደሆነ ታስቦበት ነው፤ በመሙ ላይም እያንዳንዱ ዙር ይለካለት ነበር። ለእርሱ ያልተለካለት የጎዳናው ነው። የበለጠ ጠንካራው ምሳሌ ግሬግ ለሞንድ ነው። በ1989 ቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻ ቀን፣ ከቬርሳይ ፓሪስ 24.5 ኪሎ ሜትር በነበረው የግል ክሮኖሜትር ውድድር፣ ሎረን ፊኞን 50 ሰከንድ ይመራው ነበር። ለሞንድ ሰዓቱን እንዳይነግሩት ጠይቆ ነዳ፤ በሰዓት ከ54 ኪሎ ሜትር በላይ አማካይ ፍጥነት አስመዝግቦ ቱሩን በ8 ሰከንድ አሸነፈ። ታዲያ ቁጥር ምን ይሠራል? እንዲህ ያለ፣ ከግማሽ ሰዓት በታች የሆነና ሁሉን ነገር ሰጥቶ የሚጨርሱት ጥረት ቁጥር አያሻውም፤ እዚያ ላይ ወቃሾቹ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ያው ለሞንድ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሾበረርን መሣሪያ ከተቀበሉት የመጀመሪያዎቹ ታላላቅ ተወዳዳሪዎች አንዱ ሆነ። ሰዓቱን በውድድር ቀን ላለመስማት የመረጠ ሰው በልምምድ ቀን ዋቱን ለማየት መረጠ። ሁለቱ ምርጫዎች አይጣረሱም፤ ልኬት የሚያስፈልገው በዋናነት ለዝግጅት ነው፣ የተዘጋጀ ሰው ደግሞ ዓይኑን ከማያው ላይ ማንሣት ይችላል።

ስሜትን ይገድላል የሚለውም ክስ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጉናር ቦርግ ከ6 እስከ 20 የሚሄድ የድካም መለኪያ ያዘጋጀው ቁጥሩ በአሥር ሲባዛ የጤናማ ጎልማሳን የልብ ምት በግምት እንዲሰጥ አስቦ ነው። የሚለካው በመሣሪያ ሳይሆን ሰውየውን በመጠየቅ ነው፤ ሳይንስ ራሱ የሰውን ስሜት እንደ እውነተኛ መረጃ ይቀበላል ማለት ነው። ጥሩ አሠልጣኝ ሁለቱን ያስተያያል። 200 ዋት ትናንት ቀላል ሆኖ ዛሬ ከከበደ፣ ሰውነቱ አላረፈ ይሆን ብሎ የሚጠይቀው በልዩነቱ ምክንያት ነው። ቁጥሩ ከሌለ ዛሬ ከብዶኛል የሚለው ቃል ከስንፍና ጋር ይምታታል፤ ብዙ ወጣቶችም ደክመው ሳለ ሰነፎች ተብለው ከልክ በላይ ተገፍተዋል።

ውድድሩን አደበዘዘው የሚሉት ደግሞ ማስረጃ አላቸው። በ2012 የስካይ ቡድን ብራድሊ ዊጊንስን በፊት አድርጎ ተራራውን በተሠላ ጉልበት፣ ማንም እንዳያመልጥ ሲወጣ ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። የቱሩ ዳይሬክተር ክርስቲያን ፕሩዶምም የጉልበት መለኪያ ከውድድር እንዲወጣ በአደባባይ ጠይቀዋል። ጥያቄው ክብር የሚገባው ነው፤ ግን መንስኤውን የሳተ ይመስለኛል። በ2009 ቱር ከሊሞዥ እስከ ኢሱደን በነበረው አሥረኛ ደረጃ የቡድን ሬዲዮ ተከልክሎ ነበር፤ ውድድሩ በዝግታ ሄዶ በማርክ ካቨንዲሽ የመጨረሻ ፍትጊያ አበቃ። እውቀትን ከተወዳዳሪው መንፈግ ድፍረትን አልወለደም። በተቃራኒው፣ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ዋቱን እያየ በሚነዳበት በ2024፣ ታዴይ ፖጋቻር በስትራዴ ቢያንኬ 81 ኪሎ ሜትር ብቻውን ነድቶ አሸነፈ፤ በዙሪኩ የዓለም ሻምፒዮናም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር አመለጠ። ውድድርን የሚያደበዝዘው አንድ ቡድን ብዙ ጠንካራ ሰዎችን በገንዘብ መሰብሰቡ ነው፤ ይህም ከኮምፒውተሩ በፊት የነበረ ነው።

ቁጥር ሐቀኝነትን ያመጣል ብለው ተስፋ ያደረጉም ነበሩ። እነርሱ ተሳስተዋል። ላንስ አርምስትሮንግ በ2012 ሰባቱን የቱር ድሎች በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ተነጠቀ፤ ቡድኑ ግን በልኬት ረገድ ከዘመኑ የቀደመ ነበር፤ ሐኪሙ ሚኬሌ ፌራሪ የመውጣት ፍጥነትንና በኪሎ ግራም የሚወጣውን ዋት በጥብቅ የሚያሰላ ሰው ነበር። መለኪያው ስንት ዋት እንደወጣ ይናገራል፤ ዋቱን ያወጣው ደም ከየት እንደመጣ አይናገርም።

የልኬቱ ባለቤት መለወጡ በጣም የሚጠቅመው ግን ከአውሮፓ መሞችና ክለቦች ርቀው ላሉት ነው። ፅጋቡ ግርማይ ከመቀሌ ተነሥቶ በ2012 ኤም.ቲ.ኤን. ኩቤካ በተባለው የደቡብ አፍሪካ ቡድን ገባ፣ በ2015 ወደ ጣልያኑ ላምፕሬ ተሻገረ፣ በ2016 ደግሞ ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በትግራይ ብስክሌት የቆየ ፍቅር አለው፣ ኢትዮጵያም በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ብስክሌተኞችን አሰልፋለች። ነገር ግን በአገር ውስጥ ውድድር ማሸነፍ ለአውሮፓ ቡድን አለቃ የሚነግረው ጥቂት ነው፤ ተፎካካሪዎቹን አያውቅም፣ መንገዱን አያውቅም፣ አየሩ ምን ያህል ስስ እንደሆነ አይገምትም። ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ሰው የሚያወጣው ጉልበት በባሕር ጠለል ከሚያወጣው ያነሰ ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው የመቀሌን ልጅ ዋት አይቶ ሊንቀው ይችላል። ዋቱ ከከፍታው፣ ከሰዓቱና ከክብደቱ ጋር በአንድ መዝገብ ሲቀርብ ግን ንጽጽሩ ይቻላል። ችግሩ ዋጋው ነው። የጉልበት መለኪያና ኮምፒውተር ተደምረው በኢትዮጵያ ላለ ክለብ ከባድ ወጪ ናቸው፤ የመሣሪያው ጥቅም ሳይሆን መሣሪያው ራሱ አለመዳረሱ ነው የሚያሳዝነው።

ባለቤትነቱ ደግሞ ገና ያልተረጋጋ ነው። ስትራቫ በ2017 መጨረሻ ያወጣው፣ የተጠቃሚዎችን ጉዞ በብርሃን የሚያሳይ የዓለም ካርታ በጃንዋሪ 2018 ሲመረመር በሶሪያና በአፍጋኒስታን ያሉ የጦር ሰፈሮችን ዙሪያ በልምምድ መስመር አጉልቶ ተገኘ። ወታደሮቹ ልኬቱን የያዙት ለራሳቸው መስሏቸው ነበር። በዚህ ምክንያት ቤትን የሚሸፍኑ ክልሎችንና የተዘጉ መዝገቦችን መጠቀም የጥንቁቅ ብስክሌተኛ ልማድ መሆን አለበት፤ በተለይ ብቻቸውን በየቀኑ በአንድ መንገድ ለሚነዱ ሴቶች። በሌላ በኩል ጁላይ 23 ቀን 2020 ጋርሚን በኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች ተጠቅቶ አገልግሎቱ ለቀናት ሲቋረጥ፣ በብዙ አገር ያሉ ብስክሌተኞች መዝገባቸውን መጫን አልቻሉም። መሣሪያዎቹ ግን መመዝገባቸውን አላቆሙም። ብዙዎች መሣሪያውን በገመድ ከቤት ኮምፒውተራቸው ጋር አገናኝተው የዕለቱን መዝገብ ራሳቸው አወጡ፣ ወደፈለጉት ቦታም ወሰዱት።